ጉዞው ያለቀው ጅማ ላይ ነው፦ የአንድ ቤት-መኪና የመጨረሻ ሳምንታት

ጉዳዩና ባለጉዳዮቹ

ሰው ስለ ረጅም ጉዞ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ አነሳሱ ነው። ምን ልያዝ፣ በየት በኩል ልውጣ፣ ስንት ብር ይበቃኛል። ስለ አጨራረሱ የጠየቀኝ ሰው የለም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን የአንድ ረጅም ጉዞ ማለቂያ እዚሁ ጅማ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ነገሩ ቢጻፍ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ባለጉዳዮቹ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። እሳቸው የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ደግሞ አስተማሪ። ስም መጥራት አያስፈልግም። እኔ ጋሼና እትዬ ነው የምላቸው፤ እዚህም በዚያው ይለፍ። የተዋወቅነው በዘመዳቸው በኩል ነው። ልጁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲማር እኔ ቤት ተከራይቶ ነበር። እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። እትዬ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ «የተጣላነውንም ጻፈው፤ ካልተጻፈ ውሸት ነው።»

መኪናው

መኪናው ያረጀ አይሱዙ ነው። ቅጥቅጥ የምንለው፣ አካሉ እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራ የሕዝብ ማመላለሻ። ወንበሮቹ ወጥተው በምትካቸው አልጋ፣ ቁምሳጥንና ማብሰያ ገብቷል። ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር አለ። ከኋላ 200 ሊትር የሚይዝ የውሃ ሮቶ ተቀምጧል። ምግብ የሚበስለው በቡታጋዝ ነው።

ጥቅምት ላይ ተነሡ። መጀመሪያ ሐረርና ድሬዳዋ፣ ቀጥሎ ባሌ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ። ሲመለሱ ከወላይታ ሶዶ በዳውሮ በኩል ታርጫንና ጭዳን አልፈው፣ ጎጀብን ተሻግረው ጅማ ገቡ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደህና መኪና ላለው ሰው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጋሼም ሲገቡ «ሁለት ቀን አርፈን እንወጣለን» ነው ያሉት። ከአምስት ሳምንት በላይ ቆዩ።

ሁለት ገጽ «አዲስ አበባ ስንገባ»

ጋሼ እንደ ቀያሽነታቸው ሁሉን ነገር ይጽፋሉ። ለመኪናው የተለየ ደብተር አላቸው። እስከ አርባ ምንጭ ያለው ጽሑፍ ንጹህ ነው። ዘይት ታየ፣ ራዲያተር ውሃ ተጨመረ፣ ጎማ ተነፋ፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በጎኑ አለ። ከኮንሶ በኋላ አጻጻፉ ይለወጣል። ከእያንዳንዱ ብልሽት ጎን አንድ ነገር መምጣት ይጀምራል። የኋላ በር አይዘጋም፤ አዲስ አበባ ስንገባ። ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ አዲስ አበባ ስንገባ። ፍሬን ሲረገጥ ይጮሃል፤ አዲስ አበባ ስንገባ። እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ይሞላል።

የጉዳዩ ሥር ይህ ይመስለኛል። መንገዱ ገና ብዙ ይቀራል፤ ሰዎቹ ግን በሐሳባቸው ቤታቸው ገብተዋል። የጠዋቱ ፍተሻ ቀርቷል። ምግብ ማብሰል ቀርቷል። በቀን የሚነዳው ርቀት ረዝሟል። ወደ ጎጀብ ሲወርዱ ፍሬኑ ሸትቷል፤ እሱንም «ስንገባ» ብለው አልፈውታል።

ጅማ ሲደርሱ ፍራሹ ከሥሩ ሻግቶ ነበር። እትዬ ያስላቸዋል። ባትሪው ማታ መብራት አይዝም። በዚህ ላይ ጠብ ነበር። ጋሼ «እዚህ ድረስ መጥተን ቦንጋንና ሚዛንን ሳናይ አንገባም» ይላሉ። እትዬ ደግሞ ነገ ጠዋት ቢወጡ ደስታቸው ነው። ለእኔ የገረመኝ፣ አንዱ ጉዞውን ለመጨመር፣ ሌላው ለመቁረጥ የሚከራከሩት ሁለቱም ስለ ደከሙ ነው። ጋሼ ራሳቸው በኋላ እንደነገሩኝ ቦንጋን ያነሱት ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸውን ነገር ለማራቅ ነበር። ምን እንደሚጠብቃቸው ወደ ታች ይመጣል።

ውሳኔው፦ መኪናው ይቁም

ያቀረብኩላቸው ሐሳብ መካከለኛ ነው። ወደ ቦንጋም ወደ አዲስ አበባም አትሂዱ፤ መኪናው እዚህ ይቁም፤ የቀሩትን ሳምንታት ጉዞውን ለመዝጋት ተጠቀሙባቸው። እትዬ መጀመሪያ አልወደዱትም። የተስማሙት ውጭ ያለውን ሻወር ካዩ በኋላ ነው፤ ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ቀጥሎ ደብተሩን አወጣን። ሁለቱን ገጽ ሦስት ቦታ ከፈልነው። አንደኛው ጊቤን ሳንሻገር መሠራት ያለበት፣ ሁለተኛው በእውነት አዲስ አበባ የሚጠብቅ፣ ሦስተኛው ጨርሶ የማይሠራ። መለኪያው ቀላል ነበር። ሰው የሚጎዳ፣ መኪና መንገድ ላይ የሚያስቀር ወይም ቆሞም እየባሰበት የሚሄድ ከሆነ አንደኛው ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀ መስተዋት፣ የተቀደደ መጋረጃ፣ የማይዘጋው የኋላ በር ወደ ኋላ ሄዱ፤ በሩ በገመድ ይታሰራል። ጋሼ በጣም የሚያስቡለት የኋላ ካሜራ ሦስተኛው ውስጥ ገባ፤ ትንሽ አኩርፈዋል።

በተቃራኒው ደብተሩ ላይ «ቀላል» ተብሎ የተጻፈ አንድ ነገር ወደ ላይ ወጣ። የቡታጋዙ ጎማ ነው። ሲታጠፍ ስንጥቅ ይታያል። የሳሙና አረፋ ስንቀባው መጋጠሚያው ላይ አረፋው ተነፋ። በሩ ተዘግቶ በሚተኛበት መኪና ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ጎማውና ማጥበቂያው የዚያኑ ቀን ተቀየሩ።

ሻጋታው

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሰማዩ ከማይዘጋባቸው ወራት ውስጥ ናቸው። ኮንሶ ላይ አንድ ጠብታ የነበረው ቀዳዳ እዚህ ቧንቧ ሆነ።

መጀመሪያ የተደረገው ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ በበረኪና ማጠብ። ሳምንት ሳይሞላ ሻጋታው ተመለሰ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ማጠብ ድካም ብቻ ነው። ሲፈለግ የሶላሮቹ ማቀፊያ ጣሪያው ላይ በታሰረባቸው ብሎኖች በኩል እንደሚገባ ታወቀ። ሲሊኮን ተቀባ። አልያዘም፤ ቆርቆሮው እርጥብ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ መኪናው በላስቲክ ተሸፍኖ እስኪደርቅ ተጠበቀ። አሮጌው ሲሊኮን ተፋቀ፣ ለየብሎኑ የጎማ ቀለበት ገባ፣ ከዚያ ተቀባ። ያን ጊዜ ያዘ።

ግማሹ ውሃ ግን ከሰማይ አይደለም የሚመጣው። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲተነፍስና ምግብ ሲበስል የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆናል። ፍራሹ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ስለተኛ ከሥሩ አየር አያገኝም። ጣውላው ወጥቶ ክፍተት ባላቸው ርብራቦች ተተካ። ማታ አንድ መስኮት በትንሹ ይከፈት ጀመር። ማብሰያው ወደ በረንዳዬ ወጣ። የእትዬ ሳል በዚህ ብቻ ቀለለ ማለት አልችልም፤ ሐኪምም አይተዋል። ግን ቀለለ።

ባትሪው አጭር ታሪክ ነው። ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪ ጭነት ሳይኖርበት 12.2 አካባቢ ካሳየ ግማሽ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በታች እየወረደ የሚሠራ ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። የእነሱ ለወራት እንዲያ ሲሠራ ከርሟል፤ በደመና ደግሞ ሶላሩ ብዙ አይሰጥም። ኤሌክትሪሺያኑ አዲስ ግዙ አለ። ጋሼም ብር ሊያወጡ ነበር። ሊያልቅ ሳምንታት ለቀሩት ጉዞ አዲስ ባትሪ አይገዛም ብዬ ተከራከርኩ። ከቤቴ መስመር ተሳበላቸው።

ፍሬኑና ጊቤ

ከጅማ ሲወጣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦና ሰኮሩ ይታለፋሉ። ከዚያ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት የሚያውቅ ሹፌር ስለ ፍሬን አይቀልድም። ስለዚህ ከዝርዝሩ ሁሉ ትልቁ ሥራ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ጋራዥ ጎማዎቹን አውልቆ የፍሬን ሸራዎቹ በሙቀት ተቃጥለው መጠንከራቸውን አየ፤ ቀየራቸው። የአይሱዙ ዕቃ ጅማ ውስጥ ሞልቷል፤ የዚህ መኪና ትልቁ በረከትም ይሄ ነው። «አለቀ፣ ሂዱ» ተባለ። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ግን ፔዳሉ አሁንም ለስላሳ ነው። ሁለቴ ካልተረገጠ አይይዝም። ጋሼ «አዲስ ሸራ እስኪላመድ ነው» አሉ። እትዬ «እኔ በዚህ ጊቤን አልወርድም» አሉ። ልክ እሳቸው ነበሩ።

ሌላ መካኒክ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ። የፍሬን ዘይቱን በጠርሙስ ቀድቶ አሳየን። ጠቁሯል። መቼ እንደተቀየረ ደብተሩም አያውቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ደረጃውን የጠበቀ አዲስ ዶት 3 ዘይት ለመፍላት ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል። እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ ሲወረድ ይህ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግር ፔዳሉን ወለል ድረስ ያወርደዋል፤ መኪናው ግን አይሰማም። ጎጀብ ላይ የሸተተው የዚህ መጀመሪያ ነበር።

መካኒኩ ዘይቱን በሙሉ ቀየረ፣ በየጎማው ካለው የፍሬን መስመር አየሩን አስወጣ። ሲያደርግ ከኋላ ጎማ በአንዱ በኩል የፍሬኑ ሲሊንደር እንደሚያፈስ አገኘ፤ የመጀመሪያው ጋራዥ በላዩ አዲስ ሸራ አስሮበት ነበር የሄደው። ሸራው ዘይት ነክቶት ስለነበር ደግሞ ተቀየረ። የሁለት ጊዜ ወጪ ማለት ነው። ጋሼ ተናደዱ፤ እኔ ግን ርካሽ ነው ያልኩት።

ጎማዎቹንም ያየልን እሱ ነው። ጎማ ጎን ላይ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 2215 ካለ በፈረንጆቹ 2015፣ በ22ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ደህና የሆነ ጎማ በዕድሜ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከኋላ አንዱ እንደዚያ ሆኖ ተገኘ፤ ስኮርታው በቦታው ገባ።

ጭነቱ

ፍሬኑ ሲሠራ ሌላ ነገር በጎን እያደገ ነበር። ሰው ወደ ቤቱ ሊገባ ሲል ስጦታ ይገዛል። ጅማ ላይ ደግሞ ምን የማይገዛ አለ። ቡና፣ ማር በባልዲ፣ በርጩማ። እትዬ የሐሙስ ገበያ ሄደው በባጃጅ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረበው፤ አንዱን ያነሳ ሰው ክብደቱን ያውቃል።

መካኒኩ የተጫነውን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑን የሠራሁት ለመኪናው ነው፤ ለገበያው አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ነገር መለየት ተጀመረ። የውሃ ሮቶው ሲሞላ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። የአንድ ቀን መንገድ ለመሄድ ሁለት ጀሪካን ይበቃል፤ ሮቶው ባዶ ሆነ። ኮንሶ ላይ የተሰበሰበው ድንጋይ (አዎ፣ ድንጋይ) ግቢዬ ውስጥ ቀረ። በርጩማዎቹ ከሁለቱ በቀር መናኸሪያ ሄደው በአውቶቡስ ተላኩ። ቡናው ለቤት የሚበቃ ብቻ ተያዘ። ከአምራች አካባቢ ያለ ፈቃድ ቡና በብዛት ጭኖ መውጣት ኬላ ላይ ያስይዛል፤ «ለዘመድ ነው» ማለት አያድንም።

አዲስ አበባ ያለው ቤት

ጋሼ የሸሹት ነገር ይሄ ነው። ሲነሱ ዋናውን ቤት አከራይተው ሰርቪሱን ቆልፈው ነበር የወጡት። ከተከራዩ ጋር በቃል የተስማሙት «ሰኔ ላይ ትለቃለህ» ብለው ነው። በጽሑፍ የተመዘገበው ውል ግን የ2 ዓመት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ዝቅተኛውን የውል ዘመን 2 ዓመት አድርጎታል። ተከራዩ ግንቦት ላይ ሲደወልለት በትህትና «ውሌ ገና ነው» አለ። ሰውየው አልዋሸም፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው።

ለጥቂት ቀን ቁጣ ነበር። «በገዛ ቤቴ!» የሚል ነገር። ከዚያ እትዬ ነገሩን ያዙት። በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ሰርቪሱ ውስጥ ሁለት ሰው መኖር ይችላል ወይ? የቆለፉት በአንድ ክፍል ዕቃ ሞልተው ነው። መብራቱ ከዋናው ቤት ቆጣሪ ነው የሚመጣው። ውሃው በፈረቃ ነው። የዕድር መዋጮም ተጠራቅሟል። ይህን ሁሉ ከጅማ በስልክ ማስተካከል አልተቻለም። ዘመድ ተልኮ ነበር፤ ቁልፉ አልከፍት ብሎት ተመለሰ።

ስለዚህ እትዬ ከጋሼ ቀድመው በአውሮፕላን ሄዱ። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጋሼ ተከፍተው ነበር። «አብረን ወጥተን አብረን ካልገባን ምኑን ጉዞ ሆነ?» አሉ። እትዬ የመለሱት አጭር ነው፦ «አንተ መኪናውን አስገባ፤ እኔ ቤቱን ልክፈት።»

እስከዚያው ጅማ

መኪናው ስለቆመ ከተማው በእግርና በባጃጅ ታየ። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሁለት ጊዜ አዩት። ጋሼ የእንጨት ሥራውን በሜትር ሊለኩ ሲሞክሩ ጥበቃው ከለከላቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ በረንዳው ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ቦንጋም ሳይቀር ታየ፤ በሕዝብ ማመላለሻ ሄደው አድረው ተመለሱ። ጠቡ የበረደው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ለካ ቦንጋን እንጂ መንዳቱን አልፈለጉም።

ያልሠራው ነገር የጉዞ ማስታወሻው ነው። ጋሼ በእነዚህ ሳምንታት ሁሉን ጽፌ እጨርሳለሁ ብለው ነበር። ባሌ ላይ ቀርተዋል።

መመለሱ

ሰኔ ማለቂያ ላይ ጋሼ ከመካኒኩ ጋር ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጡ። ናፍጣው ከቀደመው ቀን ጀምሮ ተሰልፎ ተቀድቷል። የጊቤ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆሙ፤ ሻይ ጠጡ፣ ጎማ ዳሰሱ። የወረዱት ሽቅብ ቢሆን በሚወጡበት ማርሽ ነው። ፍሬኑ በአጭር በአጭሩ ይረገጣል፣ ይለቀቃል፤ ተይዞ አይቆይም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የሚሸት ነገር አልነበረም።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ መግባት ይችሉ ነበር። ወሊሶ አደሩ። ይህን አስቀድመን ነው የወሰንነው፤ ደክሞት ማታ ከተማ የሚገባ ሹፌር የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው የሚሳሳተው። መካኒኩ ከወሊሶ በአውቶቡስ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበውም። መኪናው በአጥሩ በር አልገባም። ሶላሮቹ ከተሰቀሉበት በኋላ እዚያ ቤት ቆሞ አያውቅም፤ ከብረታ ብረት ቤቱ ነው ለጉዞ የወጣው። የበሩ ማገር ያግደዋል። ያ ሁሉ ሲለካ የኖረ ቀያሽ የገዛ ቤቱን በር አልለካም። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ለሌላው የሚተርፍ

ረጅም ጉዞ ላይ ላለ ሰው የመጀመሪያው ምክሬ ደብተሩን ማየት ነው። «ስንገባ» የሚለው ነገር መደጋገም ከጀመረ መቆሚያው ደርሷል። የሚቆመውም ከከባዱ መንገድ በፊት ነው። ለእነሱ ከጊቤ በፊት ጅማ ነበረች። ዕቃና መካኒክ ያለባት ከተማ መሆን አለባት፤ ውብ መሆኗ ትርፍ ነው።

ማስተካከያና መሻሻል አይቀላቀሉ። ፍሬን ማስተካከያ ነው፤ አዲስ ባትሪና ካሜራ መሻሻል ናቸው። ጋራዥ «አለቀ» ካለ በኋላም ቁልቁለት ከመውረድ በፊት ከተማ ውስጥ መንዳት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ለስላሳ ከሆነ አላለቀም።

የቤት ጉዳይ በመጨረሻው ሳምንት በስልክ አይፈታም። ቤት ያከራየ ሰው የመመለሻ ቀኑን ከመውጣቱ በፊት ከውሉ ጋር ያስተያይ። ከተቻለም አንድ ሰው ቀድሞ ይግባ። ይህ ለሁሉም ባልና ሚስት ይሆናል አልልም፤ ጋሼ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

መኪናው አሁን

አይሱዙው ሱሉልታ ባለ ዘመድ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሮቶው ተነቅሎ ሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ የውሃው ፈረቃ አያስጨንቃቸውም። አንድ ገዢ መጥቶ ነበር። አልጋውን አውጥቶ ወንበር መልሶ ሰው ሊያመላልስበት ነው የፈለገው። ጋሼ ማንም የማይከፍለው ዋጋ ጠሩበት። እትዬ ዋጋውን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ለእኔ ግን ደውለው በመስከረም ጅማ ውስጥ ዝናቡ ስንት ቀን እንደሚቀረው ጠየቁኝ።